ስለ «ኦንግ-ባክ» ፊልም፤ ርግጫውን ላደነቁና ርግጫውን ለናቁ



ባለፈው ቅዳሜ ማታ በመኝታ ቤታችን ስምንት ተማሪዎች አንድ ላፕቶፕ ከብበን «ኦንግ-ባክ» የተባለውን የታይላንድ ፊልም ተመለከትን። ፊልሙ አዲስ አይደለም፤ በ1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2003) የወጣ ነው። ነገር ግን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ እኛ ዘንድ ስለ ደረሰ እንደ አዲስ አየነው። ፊልሙ ካለቀ በኋላ የተነሣው ክርክር ግን አላለቀም፤ በማግሥቱ ሻይ ቤት ድረስ ተከትሎን መጥቶ አንድ የምናከብራቸውን መምህር ሳይቀር አሳተፈ። ብዕር ያስነሣኝ ይኸው ክርክር ነው። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ተከራካሪ ወገኖች ፊልሙን አዩት እንጂ ፊልሙ የቆመበትን ነገር አላዩትም።

የመጀመሪያው ወገን የእኛው የተማሪዎቹ ነው። ለዚህ ወገን ፊልሙ ማለት ክርንና ጉልበት ነው። አክተሩ እግሩን ዘርግቶ በመኪና ሥር እንዴት እንዳለፈ፤ እሳት በተያያዘ እግሩ እንዴት እንደረገጠ ሲቆጥር ያድራል። «ወደ ኋላ መልሰው! ድገመው!» ከማለት በቀር ሌላ አስተያየት የለውም። ሁለተኛው ወገን የዐዋቂዎቹ ነው። መምህራችን ያሉት ባጭሩ እንዲህ ነበር፤ «ይህ የቡጢና የወንበዴ ተረት ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ጊዜውን በእንዲህ ያለ ነገር ሲያጠፋ ማየት ያሳፍራል። ለአገራችን ወጣት ጠብ አነሰውና ነው ከሩቅ ምሥራቅ የምታስመጡለት?» ነገሩን የተናገሩት ከልብ ስለሆነ መልስ ይገባዋል። እኔም የምመልሰው በአክብሮት ነው፤ ነገር ግን ሳላለዝብ ነው።

ታሪኩን ላላያችሁ አስቀድሜ ባጭሩ ልንገር። በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ባን ኖንግ ፕራዱ የምትባል አንዲት ድኻ መንደር አለች። መንደርተኛው የሚሳለመው ኦንግ-ባክ የሚባል ጥንታዊ የቡድሃ ሐውልት አለው። ከባንኮክ የመጡ ሌቦች በሌሊት ገብተው የሐውልቱን ራስ ቆርጠው ይሄዳሉ፤ መንደሩም ለቅሶ እንደገባበት ቤት ይሆናል። በመነኮሳት እጅ ያደገ ቲንግ የተባለ ወጣት «እኔ ሄጄ አመጣለሁ» ብሎ ይነሣል። መንደርተኛው ያለውን ሳንቲምና ጌጣጌጥ አዋጥቶ ስንቅ ያደርግለታል። ባንኮክ ሲደርስ የሚያገኘው የዚያችው መንደር ልጅ ነው፤ ነገር ግን ይህ ልጅ ፀጉሩን ቀለም ነክሮ፤ ስሙን ጆርጅ ብሎ ለውጦ፤ በማጭበርበር የሚተዳደር ሆኗል። ያንን የድኾች መዋጮ ሰርቆ በድብቅ የቡጢ ውርርድ ያስይዘዋል። ቲንግ ገንዘቡን ሲከታተል ወደ ቡጢው ቤት ይገባል። በውርርዱ ላይ የሚነግሠው ጌታና የቅርስ ሌቦቹ አለቃም አንድ ሰው ሆኖ ይገኛል። ቡጢውና ወንጀሉ የተጋጠሙት በዚህ መንገድ ነው።

እንግዲህ መምህራችን ሆይ፤ ይህ ፊልም ቡጢን ያመልካል ወይ? አያመልክም። የቲንግ መምህር የሆኑት መነኩሴ ጥንታዊውን «ሙዋይ ቦራን» ካስተማሩት በኋላ እንዳይጠቀምበት ያስጠነቅቁታል። ልጁም በውርርዱ ቤት ተጋፊው ሁሉ «ግባ፤ ተዋጋ» ሲለው ጀርባውን ሰጥቶ ይወጣል። የሚመለሰው አንዱ ጉልበተኛ አንዲት አስተናጋጅ ሴት ሲደበድብ ሲያይ ነው። በፊልሙ ውስጥ ቡጢን የሚወዱት እነማን ናቸው ቢባል፤ ገንዘብ ያስያዙት፤ በሌላው ደም የሚያተርፉት ናቸው። ፊልሙ እነሱን ነው የሚያስንቀው። በመጨረሻም ቲንግ ራሱን ተላጭቶ ይመነኩሳል እንጂ የቡጢ ንጉሥ ሆኖ አይቀመጥም። በደጋው አገራችን ደም መመላለስ ስንቱን ቤት እንደዘጋ፤ ስንቱን አባወራ እንዳሳደደ መምህራችን ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። ታዲያ ጉልበት እያለው እምቢ የሚል፤ ሥራውን ፈጽሞም ጉልበቱን የሚያስቀምጥ ወጣት ማየት ለእኛ ወጣት ጉዳቱ የቱ ላይ ነው?

«የወንበዴ ተረት» የተባለውም ተረት አይደለም። በታይላንድ ቡሪራም አውራጃ ፋኖም ሩንግ ከተባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ፤ ከበር በላይ የሚቀመጥ አንድ የተቀረጸ ድንጋይ ተሰርቆ በአሜሪካ አገር በሺካጎ ከተማ ሙዚየም ውስጥ ተገኘ። የታይላንድ ሕዝብ ጮኸ፤ ሰልፍ ወጣ፤ የሙዚቃ ጓዶች ሳይቀሩ ዘፈኑበት። ድንጋዩ በ1988 እ.ኤ.አ. ወደ ቦታው ተመለሰ። የፊልሙ ተመልካች ይህን ሁሉ ያስታውሳል። እኛስ ብንሆን? የላሊበላው አፍሮ አይገባ የወርቅ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ከቤተ ክርስቲያኑ ተሰርቆ ባሕር ተሻግሮ በአንድ የቤልጅግ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ በ1993 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል። ወንበዴው እንግዲህ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ እንግዳ አይደለም፤ የምናውቀው ሰው ነው።

አሁን ወደ ወንድሞቼ ልመለስ። አክተሩን ቶኒ ጃን ማድነቃችሁን አልነቅፍም። ይህ ሰው በሱሪን አውራጃ ዝሆን ከሚጠብቁ ቤተ ሰብ የተወለደ የገጠር ልጅ ነው፤ ፓና ሪቲክራይ በተባለ አሠልጣኝ እጅ ለዓመታት ደክሞ ነው እዚህ የደረሰው። በፊልሙ ላይ ገመድ አያነሣውም፤ ኮምፒዩተር አይዘልለትም፤ ምትክ ሰውም አይወድቅለትም። ይህ የድካም ፍሬ ነው፤ ክብር ይገባዋል። አዘጋጁ ፕራቻያ ፒንካው ግን አንዱን ርግጫ በሁለትና በሦስት ወገን እያዞረ መላልሶ ሲያሳየን እኔ ሰልችቶኛል። ሴቶቹ ሰዎች ናቸው ለማለት በማይበቃ መጠን ታይተው ይጠፋሉ። የወንበዴዎቹ አለቃም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ጉሮሮው ላይ በሚያስጠጋው መሣሪያ የሚናገር፤ ክፉ ከመሆን በቀር ሌላ ጠባይ ያልተሰጠው ሰው ነው። ይህን ሁሉ ጉድለት አምናለሁ። ነገር ግን እስቲ ያንን የተቆረጠ ራስ ከታሪኩ አውጡትና የቀረውን ተመልከቱ። የቀረው የሰርከስ ጨዋታ ነው። ልባችን የተንጠለጠለው በርግጫው ላይ መስሎን ነበር፤ የተንጠለጠለው ግን ድኾች ሳንቲማቸውን በጨርቅ ቋጥረው በሰጡበት ቀን ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የመኝታ ቤት ጓደኛዬ «የጣዖት ራስ ቢጠፋ እኛ ክርስቲያኖቹ ምን አገባን?» ብሎኝ ነበር። ወንድሜ፤ ስገድለት አላልሁህም። የሌባው ኃጢአት ግን በተሰረቀው ዕቃ ሃይማኖት አይለካም። አንተ ታቦትህ ቢነካ የሚሰማህን ያ መንደርተኛ ለኦንግ-ባክ ተሰምቶታል። ሕመሙን ከሰው ካልተማርህ የራስህን ሕመም ለማን ታስረዳለህ?

ዋናው ነገሬም እዚህ ላይ ነው። እኛ የጎንደር ተማሪዎች ያንን ፊልም አይተን ስለ ርግጫ ብቻ ስንከራከር ያደርነው፤ የራሳችንን የተወሰደ ራስ ስለማናውቅ ነው።

ኵርዓተ ርእሱ የሚባለውን ሥዕል ስንቶቻችን ሰምተናል? ጌታችን የእሾህ አክሊል ደፍቶ ራሱን የተመታበትን የሚያሳይ ሥዕል ነው። የጎንደር ነገሥታት ሲዘምቱ ይዘውት ይወጡ ነበር። በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን፤ በ1736 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1744) የጎንደር ሠራዊት በስናር ዘመቻ ድል ሲሆን ሥዕሉ ተማረከ። ያን ጊዜ የነበሩት አባቶቻችን «የሄደ ሄደ» ብለው አልተቀመጡም፤ ቤዛ ከፍለው አስመለሱት፤ ከተማዋም በደስታ ተቀበለችው። እነሆ የባን ኖንግ ፕራዱ ታሪክ በጎንደር ከተማ፤ ሲኒማ ከመፈጠሩ በፊት ተደርጓል!

ሁለተኛው ጊዜ ግን እንዲህ አልሆነም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ፤ የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል ሆኖ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ ሥዕሉን ወሰደ፤ ለሙዚየሙም ሳይሰጥ ለራሱ አስቀረው። ከዚያ ወዲያ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ፖርቱጋል ገባ። ያን ጊዜ ከመቅደላ የወጣውን ዘረፋ ለመሸከም 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈልገዋል፤ በደላንታ ሜዳም ሐራጅ ተብሎ ተሸጠ። በፊልሙ መጨረሻ ላይ ዝሆን በሰልፍ ሲያልፍ ጓደኞቼ ሲያጨበጭቡ እኔ ያሰብሁት እነዚያን 15 ዝሆኖች ነበር። በፊልሙ ያሉት ለደስታ ወጥተዋል፤ የእኛዎቹ ግን ይዘውብን ሄዱ።

«ዐፄ ቴዎድሮስስ ቢሆኑ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት አልወሰዱምን?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ወስደዋል። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘርፈዋል፤ በመቅደላ ከተገኘው ብራና ብዙው የጎንደር ነው። የቋራው ጀግና ስለ ሆኑ ይህን መደበቅ አይገባንም። ነገር ግን የወንድም በደል ለባዕድ የባለቤትነት ወረቀት አይሆንም። ከቤቴ ወንድሜ ያወጣውን በሬ ጎረቤት ነድቶት ቢሄድ፤ በሬው የጎረቤት ነው የሚል ዳኛ የትኛው ነው?

ሦስተኛው ከሁሉም ይብሳል፤ ጥይት ሳይተኮስ የሆነ ነውና። በ1924 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1932) ማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የዳካር-ጅቡቲ ጉዞ ጎንደር ገባ። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን እንደተሠራ ከሚነገረው ከአባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎቹን ከነሸራቸው አወረዱ። በምትካቸው ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው ሠዓሊ ቅጂ ሥሎ ተለጠፈ። ዋናዎቹ ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ያው ጉዞ ከአፍሪካ የሰበሰበው ዕቃ ከ3000 በላይ ሲሆን፤ ከእኛም አገር በመቶ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ወስዷል። ከጉዞው አባላት አንዱ የነበረው ሚሼል ሌሪስ የየቀኑን ውሎ ጽፎ አሳትሞታል፤ ስለዚህ ነገሩ በሐሜት የተነገረ አይደለም፤ ከራሳቸው ብዕር የወጣ ነው። የሐውልቱን ራስ የቆረጠው የፊልሙ ሌባ ቢያንስ በሌሊት መጣ። እነዚህ በቀን መጡ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይህ ነው።

አሁንም ተቃዋሚዬ ዝም አይልም። «ባይወስዱት ኖሮ ዝናብና ምስጥ ይበላው ነበር፤ እነሱ ጠበቁልን» ይላል። ይህን ንግግር ከተማሩ ሰዎች አፍ መስማት ያሳዝናል። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተርፋለች፤ ሕዝቡ በንብ ተጠበቀች ብሎ ይተርካል። ዛሬም ጣሪያዋን ቀና ብሎ ያየ ሰው እነዚያ የመላእክት ፊቶች በረድፍ ተደርድረው ቁልቁል ሲመለከቱት ያገኛል። ፓሪስ ያሉት ሥዕሎች በደኅና ተጠብቀው ይሆናል፤ ነገር ግን የሚሳለማቸው የለም። የተጠበቀ ዕቃ ሁሉ ለባለቤቱ የተጠበቀ አይደለም። ጠባቂ ነኝ ያለ ሰው ባለቤቱ ሲመጣ ቁልፉን ያስረክባል፤ ካላስረከበ ስሙ ሌላ ነው።

ፊልሙን የምወቅስበት አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እሱም ከርግጫው የተነሣ ነው። ራሱ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይመለሳል! በእውነተኛው ዓለም ክርንና ጉልበት ራስ አያስመልሱም። የአክሱም ሐውልት በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ ተወሰደ፤ ኢጣልያ በ1939 ዓ.ም. በሰላም ውል ልትመልስ ግዴታ ገባች፤ ሐውልቱ የመጣው ግን በ1997 ዓ.ም. ነው። ከፊርማው እስከ መልሱ 58 ዓመት! በሌላ በኩል ደግሞ በኤዲንብራ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘ የመቅደላ ታቦት በ1994 ዓ.ም. ያለ ክስና ያለ ክርክር ተመልሷል፤ ያገኙት ቄስ ምን እንደሆነ ስላወቁ ነው። ከሁለቱ የምንማረው ነገር አለ። የመጀመሪያው ትዕግሥት ነው። ሁለተኛው ዕውቀት ነው፤ ምን እንደጠፋ የሚያውቅ ሰው ከሌለ የሚመለስ ነገር የለምና።

የእኛ ድካም ይኸው ነው። ጎንደር የአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ናት ብለን እንኮራለን። በየደብሩ ዕቃ ቤት ስንት መጽሐፍ፤ ስንት መስቀል፤ ስንት ጽና እንዳለ ግን የሚያውቁት አንድ ቄሰ ገበዝ ብቻ የሆኑበት ደብር ሞልቷል። እሳቸው ሲያርፉ ዕውቀቱ አብሯቸው ይቀበራል። አንድ ብራና ከዚያ ቢጠፋ፤ አልነበረም ቢባል ማን ይመሰክራል? በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሁሉ እንዲያስመዘግብ ያዛል። ሕጉ ከብዙዎቻችን ዕድሜ ይበልጣል። የጎደለው ሕግ ሳይሆን እግር ነው፤ ወደ ደጋው ወጥቶ ከበር ከበር የሚሄድ እግር። በተለይም አገር ጸጥታ ባጣ ጊዜ የሌባ ገበያው እንደሚደራ ማንም ያውቃል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳንባል አሁን መነሣት አለብን።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበርና ለመምህራን የሚከተለውን አቀርባለሁ።

1ኛ/ ማኅበሩ ከታሪክ፤ ከሕግና ከቱሪዝም ተማሪዎች ፈቃደኞችን መርጦ፤ ከሀገረ ስብከቱና ከየሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ተቀብሎ፤ በዕረፍት ጊዜ ቢያንስ በከተማው ዙሪያ ካሉት አጥቢያዎች ይጀምር። ታቦት አይነካም፤ አይነሣም። የሚቆጠረው ካህናቱ ራሳቸው ያወጡት መጽሐፍና ንዋይ ብቻ ይሁን፤ ቁመቱ፤ ቅጠሉ፤ ጽሕፈቱ፤ ጉዳቱ ይመዝገብ።

2ኛ/ መዝገቡ በሦስት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ በደብሩ፤ አንዱ በሀገረ ስብከቱ፤ አንዱ በባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ይቀመጥ። በቴሌግራምና በፌስቡክ ፈጽሞ አይውጣ። ሌባን የሚመራ ካርታ በገዛ እጃችን አንሥል!

3ኛ/ መምህራን ስለ አባ እንጦንዮስ ሥዕሎች አንድ ሕዝባዊ ንግግር ያዘጋጁልን፤ ከዚያም ለፓሪሱ ሙዚየም በተማሪው ስም ደብዳቤ ይጻፍ። የመጀመሪያው ደብዳቤ መልስ ላያገኝ ይችላል። 58 ዓመት የጠበቀ አገር ሁለተኛ ደብዳቤ መጻፍ አያቅተውም።

4ኛ/ «ኦንግ-ባክ» በትልቁ አዳራሽ ይታይ። ከእይታው በኋላም ክርክር ይደረግ፤ ፊልሙን የናቁት መምህራችንም በክርክሩ ላይ እንዲገኙ በአክብሮት እጋብዛለሁ።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚለኝ ወንድም ካለ፤ ያችን የድኻ መንደር ያስታውስልኝ። ሌባው ራሱን ቆርጦ በሄደ ማግሥት መንደርተኛው ከባንኮክ ፖሊስ እስኪመጣ አልተቀመጠም፤ ያለውን አዋጣና ልጁን ላከ። እኛንም ቤተ ሰቦቻችን ከአርማጭሆ፤ ከደባት፤ ከወገራ፤ ከደንቢያ፤ ጤፍና በግ ሸጠው እዚህ የላኩን ዲግሪ ይዘን እንድንመለስ ነው። ያ ጆርጅ የተባለው የመንደር ልጅ በመዋጮው ቁማር ተጫወተበት፤ በመጨረሻው ግን ራሱን በአካሉ ከልሎ ሞተለት። ማንም ሙት አላለንም። ወረቀትና እርሳስ ይዘን አንድ ቅዳሜ ደብር ለደብር መዞር ግን አይከብደንም።

መልስ ያለው ይጻፍ። ርግጫውን እንደገና ማየት የሚፈልግም ይምጣ፤ ፍላሹ እኔ ዘንድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ግን ለቆጠራው ስም የሚመዘገበው በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ እንዲሆን ማኅበሩን እለምናለሁ፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ የእኔ ስም ይጻፍ።

አንድ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ